በየሁለት ሰዓቱ የሚዞር መዘውር

ልጆቼ፣ በጣና ጀልባዎች ላይ መሥራት የምትመኙ ወጣቶች ስታገኙኝ የምትጠይቁኝ ስለ ካፒቴንነት ነው። ስለ ሞተሩና ስለ ቅባቱ የሚጠይቀኝ ጥቂት ነው። ዕድሜዬን በሞተር ክፍል ያሳለፍኩ ነኝና ባዳላ አትፍረዱብኝ።

በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት፣ በሱፒሪየር ሐይቅ ገደል ላይ ስፕሊት ሮክ የሚባል የመብራት ማማ አለ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1905 የተነሣው ማዕበል በርካታ መርከቦችን ከጎዳ በኋላ ተሠርቶ በ1910 በራ። ጎብኚ የሚያደንቀው ከፈረንሳይ የመጣውን ትልቅ ሌንስ ነው። እኔን የሚገርመኝ ጠባቂው ነው። ሌንሱ በሜርኩሪ ላይ ተንሳፎ የሚዞረው በማማው ውስጥ ቀስ እያለ በሚወርድ ክብደት ነበር፤ ያንን ክብደት ጠባቂው በየሁለት ሰዓቱ በመዘውር ወደ ላይ ይመልሰዋል፣ ሌሊቱን ሙሉ። እንቅልፍ ከጣለው ሌንሱ ይቆማል። መርከበኛ አንዱን ማማ ከሌላው የሚለየው በብልጭታው ጊዜ ነው፤ በየ10 ሴኮንዱ ብልጭታ የሚጠብቅ መርከበኛ ያኔ የትኛውን ማማ እንደሚያይ በምን ይለያል?

እኔ በጣና ላይ በማማ መብራት ተመርቼ አላውቅም። በደንገል ታንኳ የሚቀዝፉ ሰዎች ተራራውንና የገዳማቱን ዛፎች እያዩ ይሄዳሉ። ይህን ከእነርሱ ተማሩ፤ የስልካችሁ ባትሪ ያለቀ ዕለት ትፈልጉታላችሁ። ሐይቁ ሰፊ ቢሆንም ጥልቅ አይደለም፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ ከ15 ሜትር እምብዛም አያልፍም። ስለዚህ ነፋስ ሲነሣ ሞገዱ አጭርና ሹል ይሆናል፣ ጀልባውን ያንገላታዋል። እምቦጩ ደግሞ ፕሮፔለሩ ላይ ይጠመጠማል። በእንዲህ ያለ ውኃ መካከል ሞተር ሲጠፋ ካፒቴኑም ተሳፋሪ ነው።

ጠዋት ከመነሣታችሁ በፊት ፕሮፔለሩን፣ የነዳጅ ማጣሪያውን፣ የውኃ ማስወጫ ፓምፑን በዓይናችሁ እዩ፤ የሕይወት ማዳኛ ጃኬቶቹን ቁጠሩ። «ትናንት ደህና ነበር» ምርመራ አይደለም። ያያችሁትን መዝግቡ፤ ተረኛው የሚረከባችሁ ጽሑፍ እንጂ ወሬ አይሁን። በዚህ ሥራ ዕድገት አይገኝም የሚሉ አሉ። እውነታቸውን ነው፣ ቶሎ አይገኝም። ግን ከሞተር ድምፅ ብልሽት የሚለይ ካፒቴን ማን እንደሆነ ሠራተኞቹ ለማወቅ ሳምንት አይፈጅባቸውም።

ስፕሊት ሮክ እ.ኤ.አ. በ1969 ከአገልግሎት ወጣ፤ መርከቦቹ የተሻለ መሣሪያ ይዘው ነበር። የእናንተም መሣሪያ መለወጡ አይቀርም። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ማሪታይም አካዳሚ ለመማር ያሰባችሁም ብትሆኑ፣ ከዚያ በፊት በዚህ ክረምት ወደ ጀልባ ማቆሚያው ውረዱ። አሮጌ ሞተር የሚፈታ መካኒክ አታጡም። አብራችሁት ፍቱ፤ ሲገጥም ግን ቁልፉን ከእጁ ተቀበሉት።