መልስ፦ ጦጣዋ ኪያሩን የወረወረችው ፍትሕ ገብቷት ነው?

ሰላም ወንድሜ። «ጦጣዋ ኪያሩን የምትወረውርበት ቪዲዮ ሥነ ምግባር ከተፈጥሮ እንደመጣ ያረጋግጣል ወይ?» ላልከው፣ ግማሽ መንገድ ብቻ ነው የሚወስድህ።

ዋናው ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2003 ተመራማሪዎቹ ሳራ ብሮስናን እና ፍራንስ ዴ ቫል ያሳተሙት ነው። ካፑቺን ጦጣዋ ትንሽ ድንጋይ ለተመራማሪዋ ስትመልስ ቁራጭ ኪያር ታገኛለች። እሷም አጠገቧ ያለችው ጎረቤት ጦጣም ኪያር ሲደርሳቸው ሰላም ነው። ጎረቤቷ ለዚያው ሥራ ከኪያር ይበልጥ የሚወደደውን የወይን ፍሬ ስታገኝ ግን ወይ ድንጋዩን አትመልስም፣ ወይ ኪያሩን አትቀበልም። ጎረቤት ምንም ሳትሠራ ወይን ከተሰጣት ደግሞ እምቢታው ይብሳል።

ጣጣው ያለው ወይኑ ላይ ነው። ወይን ዓይኗ ሥር ተቀምጦ ኪያር የቀረበላት ጦጣ፣ ጎረቤት ባይኖርም ልትናደድ ትችላለች። ስለዚህ ወይኑን ባዶ ክፍል ውስጥ አስቀምጦ ማነጻጸር ግድ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሙከራውን የደገሙት ቡድኖች ውጤትም እርስ በርሱ አልተስማማም። ደግሞ ልብ በል፦ የምታኮርፈው የተጎዳችው ናት። ወይን የደረሳትማ ዝም ብላ ትበላለች!

ሰው ከሌሎች እንስሳት ለመለየቱ የተሻለው ማስረጃ ከቺምፓንዚ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2007 ላይፕዚግ ውስጥ በተደረገ ሙከራ አንዱ ቺምፓንዚ 10 ዘቢብ ለሁለት የሚካፈሉበትን መንገድ ይመርጣል፤ ሌላው እምቢ ካለ ሁለቱም ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። ቺምፓንዚዎቹ 8 ለመራጩ፣ 2 ለእነሱ የሆነ ድርሻ ሲቀርብላቸው እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ተቀበሉ። ሰው ግን ከ20 በመቶ በታች ሲሰጠው ብዙውን ጊዜ «ይቅርብኝ» ብሎ ሁለቱንም ያከስራል።