ለብርቱ ብርድ የሚሆን ቱቦላሬና ቧንቧ፦ ጥያቄና መልስ

ሰላም የሙያ ቤተሰቦች። ባለፈው ሳምንት ሦስት ሰዎች አንድ ዓይነት ጥያቄ ላኩልኝ። ሁለቱ ወደ ካናዳና ወደ ካዛክስታን ለሥራ የሚሄዱ በያጆች ናቸው። ሦስተኛዋ እዚሁ ባሕር ዳር ሆና ለውጭ ድርጅት ንድፍ ትሠራለች። በጣም በሚበርድ አገር ምን ዓይነት ቱቦላሬና ቧንቧ ይመረጣል? ለየብቻ ከምመልስ ሁላችሁም ስሙት ብዬ ነው።

ለማታውቁኝ፣ የፖሊ፣ ማለትም የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ፣ ልጅ ነኝ። ግቢው እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ኅብረት ትብብር የተከፈተ ነው። እኔም በዚያው መስመር ተሻግሬ ሳይቤሪያ 9 ዓመት ሠርቻለሁ። አሁን እዚሁ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ነው ያለሁት።

ስትጠይቁ ሦስት ነገር ይዛችሁ ኑ። ቦታው ሲብስበት ስንት ዲግሪ ይደርሳል? የብረቱ ግድግዳ ስንት ሚሊ ነው? ውስጡ የሚያልፍ ነገር አለ ወይስ ለመሸከም ብቻ ነው? ያለ እነዚህ መልስ የለኝም።

ዓባይ ማዶ፦ ጋሼ፣ እኛ የምናውቀው የብረት ጠላት ዝገት ነው። ብርድ ደግሞ ብረትን ምን ያደርገዋል?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። ብረት ከአቅሙ በላይ ሲጫን መጀመሪያ ይታጠፋል፣ ይለጠጣል። የሚያድነን ያ መለጠጥ ነው። ውስጡ ያሉት የአቶም ረድፎች አንዱ በሌላው ላይ ስለሚንሸራተቱ ነው የሚለጠጠው። ተራው ብረት ሲቀዘቅዝ ረድፎቹ መንሸራተት ያቅታቸዋል። መታጠፉ ይቀርና እንደ ምጣድ ጧ ብሎ ይሰበራል። ሰውን የሚያሳስተው፣ በመጎተት ሲለካ ጥንካሬው በብርድ አለመቀነሱ ነው። እንዲያውም ይጨምራል። ጠንካራ ነው ብለህ ስትተማመንበት ይከዳሃል።

በመጀመሪያው ዓመቴ፣ ከዜሮ በታች 47 በሆነ ጠዋት፣ የዕቃ ማንሻ ክፈፍ ላይ የነበረ 100 በ100 ቱቦላሬ ተሰበረ። ጭነት አልበዛበትም። ድምፁ የጥይት ነበር። ስብራቱን በጓንት ይዤ አየሁት። የትም ቦታ አልቀጠነም፣ አልተለጠጠም። ፊቱ እንደ ስኳር ፍሬ ያብለጨልጫል። ላዩ ላይ የቀስት ጫፍ የሚመስሉ መስመሮች አሉ፤ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ያመለክታሉ። ተከትያቸው ሄድኩ። መጨረሻቸው የምስር ፍሬ የምታህል ጠባሳ ናት። አንድ በያጅ ኤሌክትሮዱን ሲለኩስ ብረቱን ነክቶት ያለፈባት ቦታ ነበረች። በዚያች ምክንያት ሰው ሊሞት ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ነው ይህን ነገር አጥብቄ የያዝኩት።

ደግሞ ሳይቤሪያ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. ጥር 16 ቀን 1943 አሜሪካ ፖርትላንድ ውስጥ ስኬኔክታዲ የተባለች አዲስ የነዳጅ መርከብ ወደብ ላይ ቆማ ሳለች ለሁለት ተሰነጠቀች። አየሩ ከዜሮ በታች 3 ገደማ ብቻ ነበር።

የጣና ልጅ፦ ታዲያ ወፈር ያለውን ብገዛ አይሻልም?

መልስ፦ አይሻልም። ወፍራም ብረት በብርድ ይብሳል። ውስጡ ያለው ክፍል በዙሪያው ስለሚያዝ መለጠጫ ቦታ ያጣል። ውፍረት ለጭነት እንጂ ለብርድ መድኃኒት አይደለም።

ካናዳ ተጓዥ፦ ለመሸከም ብቻ ነው። የሚብሰው ከዜሮ በታች 40፣ ግድግዳው 8 ሚሊ። ድርጅቱ የአውሮፓ ስታንዳርድ ይጠቀማል።

መልስ፦ እንዲህ ነው መጠየቅ! ኤስ355ኤንኤልኤች በል። ከ355 በኋላ ያሉትን ፊደላት አንብብ፤ ብርዱ ያለው እዚያ ነው። ጄአር ከሆነ የምት ሙከራው፣ ማለትም ቁራጩን በመዶሻ ሰብሮ ስንት ጉልበት እንደበላ መለካቱ፣ የተሠራው በ20 ዲግሪ ሙቀት ነው፤ ይህ የባሕር ዳር ጠዋት ማለት ነው። ጄ0 በዜሮ፣ ጄ2 ከዜሮ በታች 20 ላይ ይሞከራል። ኤንኤል ከዜሮ በታች 50 ላይ ተሞክሮ 27 ጁል (ጁል የጉልበት መለኪያ ነው) መቋቋም አለበት። መጨረሻ ላይ ያለችው ኤች ቱቦላሬ መሆኑን ትናገራለች። አራቱም 355 ናቸው፤ ጥንካሬያቸው አንድ ነው። ስሙን ሳይሆን ሙከራው በስንት ዲግሪ እንደተሠራ ጠይቅ።

ኤ500 የሚባለውን የአሜሪካ ቱቦላሬ ቢያመጡልህ ዝም ብለህ አትቀበል። ስታንዳርዱ የምት ሙከራ አያስገድድም። ለብቻው ተሞክሮ ወረቀቱ ካልመጣ ይቅርብህ።

ጊዮን፦ ለብርድ የሚሆን ጥሩ ብረት የትኛው ነው?

መልስ፦ ዲግሪ? ውፍረት? ሥራው? መግቢያው ላይ ጽፌዋለሁ።

የፖሊ ተማሪ፦ መምህር፣ ለቧንቧ ኤ106 ግሬድ ቢ የትም ይገኛል። ለምን ኤ333 ይባላል? የቻርፒ ሙከራንስ ቢያብራሩልን?

መልስ፦ ኤ106 የሙቀት ቧንቧ ነው። ለእንፋሎት ጎበዝ ነው። በቧንቧ ሥራ ደንብ፣ ግድግዳው ከ12.7 ሚሊ ካልበለጠ፣ ያለ ምት ሙከራ እስከ ከዜሮ በታች 29 ይሄዳል። ከዚያ ወዲያ ሙከራ ይጠየቃል። ኤ333 ግን ከመነሻው ለብርድ የተጻፈ ነው። ግሬድ 6 ከዜሮ በታች 45 ላይ ይሞከራል። ግሬድ 3 ኒኬል 3.5 በመቶ አለው፤ ከዜሮ በታች 100 ይደርሳል። ግሬድ 8 ኒኬሉ 9 በመቶ ነው፤ ከዜሮ በታች 195 ላይ ይሞከራል። ለአየር ብርድ ብቻ ከሆነ ግሬድ 6 አብዛኛውን ቦታ ይበቃል። በምድር ላይ ሰው በሚኖርበት ቦታ ከተለካው ብርድ ሁሉ ስሙ የሚነሳው የኦይምያኮን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1933 ከዜሮ በታች 67.7 ተመዝግቧል። እዚያ ከሆነ ግሬድ 3 እጠይቃለሁ።

ቻርፒ ማለት ያው የምት ሙከራው ነው፤ በዓይንህ ብታየው አትረሳውም። 10 በ10 በ55 ሚሊ የሆነች ቁራጭ ትወስዳለህ። መሃሏ ላይ 2 ሚሊ ጥልቀት ያለው የቪ ቅርጽ ትቆርጥባታለህ። በሚፈለገው ዲግሪ ታቀዘቅዛታለህ። በመቆንጠጫ አውጥተህ በ5 ሰከንድ ውስጥ በከባድ መዶሻ ታስመታታለህ። መዶሻው ከሰበራት በኋላ እስከ የት እንደወጣ ታያለህ። ብዙ ከወጣ ብረቱ ጉልበቱን አልበላበትም፣ ተሰባሪ ነው ማለት ነው። አንድ ቁራጭ አይበቃም፤ ሦስት ነው የሚሞከረው።

ዓባይ ማዶ፦ ሩሲያዎቹ ግን 09ጂ2ኤስ የሚሉት አላቸው። እስከ ከዜሮ በታች 70 ይሄዳል ሲባል ሰምቻለሁ። የምዕራቡ ዋጋው ነው እንጂ ልዩነት የለውም።

የፖሊ ተማሪ፦ የሩሲያውን ወረቀት ካናዳ ማን ይቀበልሃል? ስታንዳርድ አገር አለው።

ዓባይ ማዶ፦ ብረቱ ፓስፖርት አይጠይቅም። ይህን ግቢ የከፈቱልን እኮ እነሱ ናቸው።

የፖሊ ተማሪ፦ ግቢ መክፈትና የግፊት ቧንቧ ማጽደቅ ምን አገናኛቸው?

መልስ፦ በቃ። 09ጂ2ኤስ ጥሩ ብረት ነው፤ 9 ዓመት በየዕለቱ ሠርቼበታለሁ ብል አልዋሽም። ካርቦኑ ዝቅ ብሎ ማንጋኒዙ ከፍ ያለ ስለሆነ ነው የሚችለው። ግን እዚያም ቢሆን 70 የሚለው በስሙ ብቻ አይመጣም፤ ሲገዛ በዚያ ዲግሪ እንዲሞከር ተብሎ መታዘዝ አለበት። አሠሪው የሚቀበለውን ስታንዳርድ ተጠቀሙ። ሙከራው በስንት ዲግሪ? ጥያቄው ይኸው ነው።

የጣና ልጅ፦ ጋልቫናይዝድ ቢሆን ብርዱን አይከላከልም?

መልስ፦ አይከላከልም። ዚንክ ለዝገት ነው።

ፋሲሎ፦ በሜትር ስንት ይሸጣል?

መልስ፦ ነጋዴ ጠይቅ።

ካዛክስታን ተጓዥ፦ ጋሼ፣ ብረቱን እነሱ ያቀርባሉ፤ እኔ የምበይደው ነኝ። እዚህ የለመድኩት 6013 የሚባለው ኤሌክትሮድ ነው። ያስኬዳል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የመጣሁት ለዚህ ጥያቄ ነው። አያስኬድም። 6013 ለበርና ለመስኮት ጥሩ ነው፤ በቀላሉ ይለኮሳል፣ መልኩ ያምራል። ግን ስታንዳርዱ የምት ሙከራ አይጠይቀውም። ምርጡን ቱቦላሬ በ6013 ከበየድከው፣ የገዛኸው ምርጥ ብረት ሳይሆን 6013 ነው። ስብራት ደካማውን ቦታ ይፈልጋል።

7018 ከዜሮ በታች 29 ላይ 27 ጁል አለው። ጫፉ ላይ ሰረዝ 1 ያለበት፣ 7018-1፣ እስከ 46 ይወርዳል። ከዚያ በታች ኒኬል ያለበት 8018-ሲ1 አለ፤ ከዜሮ በታች 59 ላይ የተሞከረ ነው። የትኛው እንደሚሆን የምትመርጠው አንተ አይደለህም፤ የብየዳ መመሪያው ላይ ይጻፋል። ካልተጻፈ ጠይቀህ አጽፈው።

አሁን ስለ እርጥበት። ጣና ዳር ያለን ሰዎች ይህን ማወቅ አለብን። ዝናቡ ሲገባ ካርቶኑ የተከፈተ 7018 ጥግ ላይ ተቀምጦ ስንት ጊዜ አየሁ! ሽፋኑ ከአየሩ ውኃ ይጠጣል። ውኃው በብየዳው ሙቀት ሃይድሮጅን ይሆንና ብረቱ ውስጥ ይገባል። ብየዳው ያማረ ይመስላል፤ ከሰዓታት በኋላ፣ አንዳንዴም በማግስቱ ከሥር ይሰነጠቃል። በረዶ አገርም ያው ነው፤ ብረቱ ላይ አመዳይ ይቀመጣል። ስለዚህ ኤሌክትሮዱን አምራቹ በሚለው ሙቀት፣ ብዙውን ጊዜ ከ260 እስከ 430 ዲግሪ፣ በምድጃ አድርቀው። ከዚያ ሞቅ ባለ መያዣ ውስጥ አቆይተህ አንድ አንድ እያወጣህ በይድ። ብረቱንም ሳታሞቅ አትጀምር። ቀዝቃዛ ብረት የብየዳውን ሙቀት ባንዴ ይመጥና ጠርዙን ተሰባሪ ያደርገዋል።

ደግሞም ብረቱ ላይ አትለኩስ! የምስር ፍሬዋን ታስታውሳለህ። የምትለኩሰው የሚበየደው መስመር ውስጥ ነው። ካመለጠህ በግራይንደር አለስልሰህ አስመርምረው። ብረቱ ሳይሞቅ ታጥፎ የተሠራ ቱቦላሬ ከሆነ ማዕዘኑ ላይ ከመበየድ ተጠንቀቅ። ማዕዘኑ ሲታጠፍ መለጠጡን ጨርሶታል። የአውሮፓው ደንብ ከማዕዘኑ ግራና ቀኝ የውፍረቱን 5 እጥፍ ያህል ቦታ በገደብ ነው የሚያስበይደው።

ጊዮን፦ ምርጥ ብረት ለብርድ ቦታ ቢጠቁሙን?

መልስ፦ ሁለተኛ ጊዜህ ነው። ዲግሪ፣ ውፍረት፣ ሥራ። ሦስቱን አምጣና እመልሳለሁ።

የዓሣ ማኅበር፦ ልጄ፣ እኛ ጣና ዳር ቆረሶና አምባዛ የምናቆይበት ማቀዝቀዣ ክፍል ልናሠራ ነው። ከዜሮ በታች 25፣ በአሞኒያ። አንድ ሰው የመዳብ ቧንቧ በርካሽ አለኝ አለን።

መልስ፦ እትዬ፣ አይግዙ። አሞኒያ እርጥበት ሲያገኝ መዳብን ይበላል፤ ናስንም እንዲሁ። የብረት ቧንቧ ነው የሚሆነው። አሞኒያ ራሱ በተራ የአየር ግፊት ከዜሮ በታች 33 ላይ ስለሚፈላ፣ ቧንቧው ከክፍሉ ይበልጥ ይቀዘቅዛል። ኤ333 ግሬድ 6 ይጠይቁ። አሞኒያ ሰው ይገድላል፤ የማቀዝቀዣ ባለሙያ ሳይኖር አንዳች ነገር እንዳያስጀምሩ።

የፖሊ ተማሪ፦ የአላስካው የነዳጅ ቧንቧም አሞኒያ አለው ይባላል።

ፋሲሎ፦ ነዳጅ ውስጥ አሞኒያ? የማይሆን ነገር።

የፖሊ ተማሪ፦ ነዳጁ ውስጥ አላልኩም፤ ምሰሶዎቹ ውስጥ ነው።

ዓባይ ማዶ፦ ለምን አልቀበሩትም ታዲያ? ምሰሶ ወጪ ነው።

መልስ፦ ልጁ ልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 ሥራ የጀመረው ይህ መስመር 48 ኢንች ስፋትና ወደ 1,287 ኪሎ ሜትር ርዝመት አለው። ነዳጁ ሞቃት ነው። በረዷማው መሬት ውስጥ ቢቀበር ያቀልጠውና መሬቱ ይሰምጣል። ስለዚህ ከግማሽ በላዩን አንጠለጠሉት። ምሰሶዎቹ ውስጥ ያለው አሞኒያ የመሬቱን ሙቀት ወደ አየር እያወጣ በረዶውን ያቆየዋል። ዚግዛግ ያደረጉትም ሲሞቅ ለመርዘም፣ ሲቀዘቅዝ ለማጠር ቦታ እንዲያገኝ ነው። 100 ሜትር ብረት በ60 ዲግሪ ልዩነት ወደ 72 ሚሊ ያጥራል። ወደ ጉዳያችን እንመለስ።

ካናዳ ተጓዥ፦ ሁለቱን ጫፍ የተደፈነ ቱቦላሬ ውስጥ ውኃ ቢገባስ?

መልስ፦ ይቀደዳል። ውኃ በረዶ ሲሆን 9 በመቶ ያህል ይሰፋል። ወይ ፍጹም ድፈነው፣ ወይ ከታች ማፍሰሻ ቀዳዳ ተውለት። ቡሎኑንም አትርሳ። የተለመደው ቢ7 በጣም ሲበርድ ይቀየራል፤ ለብርድ የተሠራው ኤ320 ኤል7 ነው።

ንድፍ ሠሪዋ፦ ጋሼ፣ ሻጩ ሰርተፊኬት ላከልኝ። ቦታው ከዜሮ በታች 40፣ ግድግዳው 8 ሚሊ፣ ተሸካሚ ነው። ቻርፒው ላይ 62 ጁል ይላል። ከ27 ከእጥፍ በላይ ነው፤ ደስ ብሎኛል። ልፈርም?

መልስ፦ ከ62ቱ አጠገብ ዲግሪው ስንት ይላል?

ንድፍ ሠሪዋ፦ 0።

መልስ፦ አትፈርሚ እህቴ። በዜሮ 62 የሆነ ብረት ከዜሮ በታች 40 ላይ 10 ሊሆን ይችላል። ከዚያው ጥቅል ተቆርጦ ከዜሮ በታች 40 ላይ ሦስት ናሙና እንዲሞክሩ ጻፊላቸው። ግድግዳው 8 ሚሊ ስለሆነ 10 ሚሊ ናሙና አይወጣውም፤ በ7.5 ሚሊ ይሠሩታል፣ የሚጠበቀው ጁልም በዚያው ልክ ይስተካከላል። እምቢ ካሉ ኤስ355ኤንኤልኤች ያለው ሌላ ሻጭ ፈልጊ። መልሳቸው ሲመጣ ወረቀቱን ላኪልኝ፤ አብረን እናነበዋለን።