ከደረቅ ጭነት ወደ ቦቴ ልትዛወር ላሰብከው ወንድሜ

ሰላም ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። በጅቡቲ መስመር ደረቅ ጭነት ስትነዳ ቆይተህ አሁን የነዳጅ ቦቴ ሊሰጡህ ነው። «መንገዱን አውቀዋለሁ፤ ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው? ጉድለት ከሾፌር ይቆረጣል የሚባለውስ እውነት ነው?» ብለሃል። እኔ በዚሁ መስመር ለብዙ ዓመታት ናፍጣም ቤንዚንም ስለጫንኩ የማውቀውን ልንገርህ።

ከጋላፊ እስከ አዋሽ ያለውን ጉድጓድ ሁሉ በቃልህ ብታውቀውም ቦቴ ሌላ ሥራ ነው። ማዳበሪያም ሆነ ብረት በደንብ ካሰርከው ባለበት ይቀመጣል። ነዳጅ ግን ይናወጣል፣ ይተናል፣ ሲሞቅ ያብጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል። ሾፌርን የሚጎዳው አብዛኛው ነገር ከዚህ ይመጣል።

ከጉድለቱ ልጀምር፤ ብዙ ጓደኞቻችን ያለቀሱበት ነገር ነው። አዎ፣ ይቆረጣል። ጅቡቲ ዶራሌ ከሚገኘው የነዳጅ መጫኛ፣ ሆራይዘን ተርሚናል፣ በሙቀት የጫንከውን ነዳጅ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት አዲስ አበባ ላይ ታራግፋለህ። ናፍጣ በአንድ ዲግሪ በቀዘቀዘ ቁጥር ከእያንዳንዱ ሺህ ሊትር ወደ 0.8 ሊትር ይሰበሰባል፤ ቤንዚን ወደ 1.2 ሊትር። 45,000 ሊትር ናፍጣ ይዘህ በመንገድ 10 ዲግሪ ቢቀዘቅዝብህ 360 ሊትር ገደማ ይጎድላል ማለት ነው። አንድ ጠብታ አልፈሰሰም፣ ማንም አልነካውም፤ ብታስመዝነው ክብደቱ ያው ነው። የሚብሰው በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ ያኔ የጅቡቲ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል፣ አዲስ አበባ ደግሞ ክረምት ነው። አንድ የማውቀው ወጣት ሾፌር በዚህ ምክንያት በሌብነት ተጠርጥሮ ከደሞዙ ተቆርጦበታል። ሲጭን የነዳጁ ሙቀት ስላልተጻፈለት የሚከራከርበት ወረቀት አልነበረውም፤ ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ስለዚህ የመጫኛ ሰነድህ ላይ ሦስት ነገር መኖሩን አይተህ ውጣ፦ ሊትሩ፣ ሲጫን የነበረው ሙቀት፣ የነዳጁ እፍጋት (የአንድ ሊትር ክብደቱ)። ሊትሩ በዕለቱ ሙቀት የተለካ ነው ወይስ ወደ መደበኛ ሙቀት ተመልሶ የተሰላ? ይህን ጠይቅ። የፕሎምፖቹን (የታንከሩን ማሸጊያዎች) ቁጥር ከሰነዱ ጋር አመሳክር፤ ፎቶ ማንሳት ከፈለግህ ከመጫኛው ግቢ ወጥተህ አንሳ፣ ውስጥ ስልክ አይነካም። ስትደርስ ቦቴው ሜዳ ላይ ይቁም፣ ነዳጁ እስኪረጋ ጠብቁ፣ በራሱ በቦቴው የካሊብሬሽን ሰንጠረዥ (የነዳጁን ጥልቀት ወደ ሊትር በሚቀይረው) ይለካ፣ ሙቀቱም አብሮ ይመዝገብ። ተዳፋት ላይ በተለካ ዲፕ (በዘንግ በተለካ የነዳጅ ጥልቀት) ላይ አትፈርም።

አሁን ወደ ነፍስህ ልምጣ። ግማሽ የሞላ ቦቴ ከሙሉው ይከፋል። ድንገት ፍሬን ስትይዝ ነዳጁ ወደፊት ይገፋል፣ ቆምኩ ስትል ደግሞ እንደገና ይገፋሃል። ኩርባ ላይ ወደ ጎን ይከማችና መኪናውን ያጋድላል። በደረቅ ጭነት የለመድከውን የኩርባ ፍጥነት እርሳው። ፍጥነቱን ኩርባው ውስጥ ሳትገባ ቀንስ፤ ከገባህ በኋላ ፍሬን መርገጥ ነው የሚገለብጠው። ቁልቁለት ላይ ማርሽህን አስቀድመህ አሳንስ፣ የሞተር ፍሬን ተጠቀም። እንቅልፍ ሲመጣ ጫት አይፈታውም፤ ቁምና ተኛ።

ስለ ባዶ ቦቴ ደግሞ በጣም አደራ እልሃለሁ። ቤንዚን ያራገፈ ታንከር ባዶ አይደለም፣ በተን የተሞላ ነው። በአየር ውስጥ 1.4 በመቶ የቤንዚን ተን ካለ ለመቀጣጠል ይበቃዋል። ሎጊያ ወይም አዳማ ጋራዥ ገብተህ «ባዶ ነው፣ ትንሽ ስንጥቅ ናት» ብለህ እንዳታስበይድ። በደንብ ታጥቦና አየር ተነፍቶበት፣ ተኑ በመሣሪያ ካልተለካ በስተቀር ማንም እሳት አያስጠጋው።

ቤንዚን ባራገፍክበት ታንከር ናፍጣ ስትጭንም እንደዚያው ነው። ሰው ናፍጣን «ቶሎ አይነድም» ብሎ ይንቀዋል። ታንከሩ ውስጥ የቀረው የቤንዚን ተን በጣም ከመወፈሩ የተነሳ ላይነድ ይችላል፤ ናፍጣው ሲገባ ግን ከተኑ ከፊሉን ይመጥጥና አየሩን ልክ በሚቀጣጠልበት መጠን ያደርገዋል። ናፍጣው ራሱ በቧንቧ ሲሮጥ ኤሌክትሪክ ያጠራቅማል፤ አንዲት ብልጭታ ትበቃለች። የመሬት ሽቦው ሳይታሰር መጫን አይጀመር፤ የመሙያው አፍ በነዳጅ እስኪሸፈን ድረስም ቀስ ተብሎ ይሞላ። ቀድሞ ምን እንደጫንክ ሲጠይቁህ ወረፋ እንዳያልፍህ ብለህ አትሸሽግ።

ረዳትህንም አስተምረው። በአፋር ሙቀት ሌላ ጥላ ስለማይገኝ ከቦቴው ስር ቁጭ ብሎ ከሰል አቀጣጥሎ ቡና ማፍላት የተለመደ ነው። የቤንዚን ተን ከአየር ይከብዳል፤ መሬት ለመሬት ሄዶ ጎድጓዳ ቦታ ይተኛል፣ ከራቀ ቦታም እሳት ያገኛል። ቡናው ርቆ፣ ነፋሱ ከሚመጣበት አቅጣጫ ይፈላ።

መገልበጥ ከመጣ፣ እግዚአብሔር ይጠብቅህና፣ መጀመሪያ ሞተሩን አጥፋ፣ የባትሪውን ማቋረጫ ዝጋ፣ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ቁም። ከዚያ ሥራህ ሰው ማራቅ ነው። ጄሪካን ይዞ የሚመጣ ሕዝብ ይኖራል፤ ድሃ ነው፣ አልፈርድበትም። ግን ኬንያ ሳቻንግዋን በጥር 2009 እ.ኤ.አ. ከመቶ በላይ ሰው፣ ታንዛኒያ ሞሮጎሮ በነሐሴ 2019 እ.ኤ.አ. መቶ ገደማ ሰው ያለቀው ከተገለበጠ ቦቴ ነዳጅ ሲቀዳ ነው። ይህን እየጮህክ ንገራቸው። በአካባቢው ቋንቋ የሚናገር ሽማግሌ ካገኘህ እሱ ይንገርልህ፤ ካንተ ይልቅ እሱን ይሰማሉ። የፈሰሰው ነዳጅ የባለንብረቱ ነው፣ አንተ ሰዉን አትርፍ።

ወረቀቱ ብዙም አያስቸግርህም። የደረቅ መንጃ ፈቃድህ አይሠራም፣ የፈሳሽ ምድብ ያስፈልግሃል። የኮሜሳ (የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ) ቢጫ ካርድ የሦስተኛ ወገን መድን ነው፣ የጫንከውን ነዳጅ አይሸፍንም፤ የጭነት መድን ለብቻው መኖሩን ባለንብረቱን ጠይቀው። የእሳት ማጥፊያዎቹ የዱቄት መሆናቸውንና ቀናቸው አለማለፉን ራስህ እይ።

ውሉን ከመፈረምህ በፊት ስለ ጉድለት የተጻፈውን አንቀጽ ለጥፍልን። ስንት በመቶ እንደሚፈቀድና የሙቀት ልዩነት እንደሚታሰብልህ ካልተጻፈ እንዲጨመርልህ ጠይቅ፤ እንዴት ብለህ እንደምትጠይቅ አብረን እናያለን።