ቴሎመሬዝ ስትጠሪ አቤት ያለው ማነው?

ጥያቄ፦ የጡት ካንሰር ናሙና ላይ ቴሎመሬዝን (የክሮሞዞምን ጫፍ የሚያረዝመውን ኢንዛይም) በአንቲቦዲ እየፈለግኩ ነው፤ አንቲቦዲው አንድን ፕሮቲን ለይቶ ይይዛል፣ የያዘበት ቦታም ቡኒ ይቀለማል። ማይክሮስኮፕ ስር ሳየው ኒውክሊየሱ ውስጥ ደማቅ ቡኒ ነጠብጣብ ወጣልኝ፤ በጣም ደስ አለኝ። ችግሩ፣ ለማነፃፀሪያ ያቀለምኩት ዩቱኦኤስ የሚባለው የአጥንት ካንሰር ሴልም ቡኒ ሆነ። አማካሪዬ «እሱ እኮ ቴሎመሬዝ የለውም!» ብለው አፈጠጡብኝ። ማናችን ነን ልክ? (የማስተርስ ተማሪዋ)

መልስ፦ አማካሪሽ ልክ ናቸው፣ አይዞሽ። አብዛኛው ካንሰር የክሮሞዞሙን ጫፍ በቴሎመሬዝ ያረዝማል፤ ዩቱኦኤስ ግን ይህንን የሚያደርገው ያለ እሱ፣ በሌላ ዘዴ ነው። እሱ ላይ ቡኒ ካየሽ የቀለመው ሌላ ነገር ነው ማለት ነው። መጀመሪያ ቀላሉን ሞክሪ፦ ዋናውን አንቲቦዲ ሳትጨምሪ፣ የቀረውን ሁሉ እንዳለ ሥሪው። አሁንም ቡኒ ከሆነ ጥፋቱ የሁለተኛው አንቲቦዲ (ዋናውን ይዞ ቀለሙን የሚያመጣው) ወይም የማቅለሚያው ነው። ንጹሕ ከወጣ ግን ዋናውን ጠርጥሪ።

ደግሞ የተሸወድሽው አንቺ ብቻ አይደለሽም። 44ኤፍ12 የሚባል አንቲቦዲ ቴሎመሬዝን ይይዛል ተብሎ በካንሰር ጥናት ላይ ሲሠራበት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ተመራማሪዎች ሲፈትሹት የሚይዘው ኒውክሊዮሊን የተባለ ሌላ ፕሮቲን ሆኖ ተገኘ። አንዱ ሲጠራ ሌላው አቤት አለ። ኒውክሊዮሊን ቶሎ ቶሎ በሚከፋፈል ሴል ውስጥ እንደ ጉድ ነው የሚበዛው፤ ስለዚህ ካንሰሩ ይደምቃል፣ ጤነኛው ይፈዛል፣ አየሁ ያለው ሁሉ የጠበቀውን ያያል። ቴሎመሬዝ ግን ብርቅ ነው። በአንድ የሂላ ሴል (ላብራቶሪ ውስጥ የሚያድግ የታወቀ የካንሰር ሴል) ውስጥ ጥቂት መቶ ቢገኝ ነው! እንዲህ ቦግ ብሎ ሲወጣልሽ ከመደሰትሽ በፊት ጠርጥሪ።

ነገሩ ሲጀመርም ቴሎመሬዝ የታወቀው በሥራው ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 የገና ዕለት ካሮል ግሬይደር፣ በኤልዛቤት ብላክበርን ላብራቶሪ ውስጥ፣ ፊልም ላይ እኩል እኩል የተደረደሩ መስመሮችን አየች፤ ኢንዛይሙ ዲኤንኤውን እየደጋገመ ሲያረዝም የተወው አሻራ ነበር። አንቺም ከአንቲቦዲው ጎን ትራፕ የሚባለውን፣ የኢንዛይሙን ሥራ በመስመሮች የሚያሳይ መለኪያ ጨምሪ። ከናሙናው ኢንዛይሙን በሙቀት የገደልሽበትን አንድ ቱቦ ለብቻ አስቀምጪ፤ እሱ ላይም መስመር ከወጣ ውጤቱን እርሺው። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ፦ የነቁ ሊምፎሳይቶችም (በሽታ የሚከላከሉ ነጭ የደም ሴሎች) ቴሎመሬዝ አላቸው፣ እና ዕጢው ውስጥ ገብተው ከሆነ ትራፕ የእነሱንም ይቆጥርልሻል።

ላብራቶሪያችሁ ውስጥ የፅንስ ግንደ ህዋስ የሚያሳድግ ሰው ካለ ደግሞ ጥቂት ለምኚው። እነዚህ ቴሎመሬዝ ሞልቷቸው ይጀምሩና ወደ ሌላ ህዋስ ሲለወጡ ይቀንስባቸዋል። ከመለወጣቸው በፊትና በኋላ አቅልሚያቸው። ትራፑ ወርዶ ቡኒው ካልተነቃነቀ፣ ያንን አንቲቦዲ ከፍሪጅ አውጥተሽ ጣዪው።