ተጎታች ቤት ይዞ ሐረጎን ለሚወጣ የናፍጣ ፒክአፕ ጉልበት ስለመጨመር

ጤና ይስጥልኝ። ጠያቂያችን እንደገለጹት፣ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ የውሃ ፓምፕ ለመትከል ወደ ባቲና ወደ አፋር ቆላ ሲወርዱ የሚያድሩበትን፣ አልጋና ትንሽ ማድ ቤት ያለውን ተጎታች ቤት ስሪ ኤል (3L) የሚባል የቶዮታ ናፍጣ ሞተር ባለው ሃይሉክስ ይጎትታሉ። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሲመለሱ ግን ሐረጎ በሚባለው ዳገት ላይ መኪናው ሁለተኛ ማርሽ ውስጥ ይቀራል፣ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ የሙቀት መለኪያውም ወደ ቀዩ ይጠጋል። የናፍጣ ፓምፑን ላስከፍት፣ ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) ላስገጥም ወይስ ሞተሩን ልቀይር ብለው ጠይቀዋል። እኔ በዚሁ ዓይነት ሞተር የጄኔሬተር ተጎታች እየጎተትኩ በዚሁ መንገድ ስድስት ዓመት ተመላልሻለሁ። ከሦስቱ አንዱን ሞክሬ ከስሬበታለሁ፣ ሌላውን ደግሞ ለማድረግ ተቃርቤ ትቼዋለሁ። ስለዚህ የማውቀውን በዝርዝር እጽፋለሁ።

አስቀድሜ መናገር የምፈልገው፣ ሁለተኛ ማርሽ ውስጥ መቅረቱ ብቻውን የሞተር ሕመም ምልክት አለመሆኑን ነው። ፒክአፑ ከነሰውና ከነዕቃው 2,100 ኪሎ፣ ተጎታቹ 1,400 ኪሎ ነው ብንል በጠቅላላው 3,500 ኪሎ ነው የምንስበው። ይህን ክብደት በየ100 ሜትሩ 7 ሜትር ከፍ በሚል ዳገት ላይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ለማስኬድ ጎማው ላይ የሚደርስ 44 የፈረስ ጉልበት ያህል ያስፈልጋል። ስሪ ኤል 2,779 ሲሲ ሲሆን ባሕር ወለል ላይ የሚሰጠው ከፍተኛ ጉልበት 90 ፈረስ አካባቢ ነው፤ እሱም የሚገኘው ሞተሩ በደቂቃ 4,000 ዙር ሲዞር ነው። ሞተሩ በደንብ በሚስብበት በ2,400 ዙር አካባቢ የሚሰጠው 63 ፈረስ ያህል ሲሆን፣ ከዚያ ላይ ከፍታው ሩቡን፣ ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ ደግሞ ከቀረው 15 በመቶ ያህሉን ሲወስዱ ጎማው ዘንድ የሚደርሰው 40 ፈረስ ገደማ ነው። እንግዲህ ፍጹም ጤነኛ የሆነ ስሪ ኤል እንኳ ይህን ጭነት ይዞ እንዲህ ያለውን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ፣ በሰዓት ከ35 እስከ 40 ኪሎ ሜትር ባለው ፍጥነት ቢወጣ የሚጠበቅ ነው። እኔን ያሳሰበኝ ጭሱና ሙቀቱ ነው፤ ምክንያቱም ሁለቱም የነበረዎት ጉልበት መንገድ ላይ እየቀረ መሆኑን ያሳያሉ።

ጥቁር ጭስ ማለት ለመቃጠል በቂ አየር ያላገኘ ናፍጣ ማለት ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር አካባቢ፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ይገኛሉ፤ ቢበዛ 25 ኪሎ ሜትር በሚሆን መንገድ 650 ሜትር ያህል እንወጣለን ማለት ነው። ደሴ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ስለሆነ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር በእያንዳንዱ ስበት የሚያገኘው አየር በዚያው መጠን ይቀንሳል። በእኛ አገር ከፍታ ላይ የሚያጥረው አየር እንጂ ናፍጣ አይደለም። ፓምፕ መክፈት የሚባለው ሥራ ደግሞ ከፓምፑ ጀርባ ያለችውን የናፍጣ መጠን መወሰኛ ብሎን በማዞር የሚረጨውን ናፍጣ መጨመር ብቻ ነው፤ አየሩን በምንም አይጨምርም።

ይህን የተማርኩት ተጎድቼ ነው። አንድ ጋራዥ ብሎኗን ሩብ ዙር ያህል አዞረልኝ፤ ከተማ ውስጥ፣ ሜዳ ላይ ባዶውን ስነዳው መኪናው እውነትም ቀልጠፍ ያለ መሰለኝና ተደስቼ ገንዘቡን ከፈልኩ። ተጎታቹን ቀጥዬ ሐረጎን ስጀምር ግን የኋላ መስታወቱ በጥቁር ጭስ ተሞላ፤ ፍጥነቱ ከቀድሞው እምብዛም አልተለወጠም፣ ሙቀቱ ግን ቀድሞ ከሚቆምበት አልፎ ወጣ። በአራተኛው ወር ራዲያተሩ ውሃ መጉደል ጀመረ፤ የሚንጠባጠብበት ቦታ አልተገኘም። አንድ ቀን ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ክዳኑን ከፍቼ ባስነሣው፣ ውሃው ውስጥ እንደሚፈላ ሽሮ ቡፍ ቡፍ የሚል አረፋ አየሁ። ቴስታታው፣ ማለትም የሞተሩ የላይኛው ክዳን፣ ተሰንጥቆ ነበር። ጓርኒሲዮኑን (በቴስታታውና በሞተሩ መካከል የሚገባውን ማሸጊያ)፣ ቴስታታውንና የእጅ ዋጋውን ስደምረው፣ ብሎኗን ለማዞር የከፈልኩት ገንዘብ ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። ስለዚህ ጠያቂያችን፣ ፓምፑን አያስከፍቱ። እንዲያውም ከዚህ በፊት የነበረው ባለቤት አስከፍቶት ሊሆን ስለሚችል፣ ፓምፑ በመለኪያ ማሽን ላይ ተጭኖ ወደ ፋብሪካው ልክ እንዲመለስ ማድረግ ይበጃል።

ከሁሉ በፊት ሞተሩ የሚተነፍስበትን መንገድ ይመርምሩ። የአየር ፊልትሮውን አውጥተው ወረቀቱን ብቻ አይመልከቱ፤ ፊልትሮው ከተቀመጠበት ሳጥን ወደ ሞተሩ የሚወስደውን ጎን በጣትዎ ይጥረጉት። እኔ ሳደርገው እንደ ጤፍ ዱቄት የላመ አቧራ ጣቴ ላይ ቀረ፤ ያ አቧራ ፊልትሮውን ሳያቋርጥ በጠርዙ በኩል እየሾለከ ወደ ሲሊንደሩ ሲገባ የኖረ ነው። ወደ ቆላው የሚመላለስ መኪና ፊልትሮ መመሪያው ከሚለው ኪሎ ሜትር ቀድሞ ይደፈናል፤ በአየር ግፊት ሲያስነፉትም ከውስጥ ወደ ውጭ ይሁን፣ ከሁለትና ከሦስት ጊዜ በላይም አይደጋገም፣ ወረቀቱ ይሳሳልና። ከሳጥኑ ወደ ሞተሩ የሚሄደውን የተሸበሸበ ጎማ ቱቦ ደግሞ በእጅዎ አጥፈው ሽብሽቡን ገልጠው ይዩ፤ ቀጥ ብሎ ሲቀመጥ የማይታይ ስንጥቅ ሲታጠፍ አፉን ይከፍታል። የጭሱን ድምፅ የሚቀንሰው ማርሚታም የመተንፈሻው መንገድ ክፍል ነው። ውስጡ ተፈርክሶ የተደፈነ ማርሚታ ጭሱን መልሶ ሞተሩ ላይ ስለሚያፍነው፣ በቀጥተኛ ቱቦ እየተካችሁ ከተማውን ሳታስጮኹ በአዲስ መተካት ነው።

በናፍጣው በኩል ያለው ሥራ አጭር ነው። ፊልትሮውን መቀየር፣ ከሥሩ የሚጠራቀመውን ውሃ ማፍሰስ፣ ናፍጣ የሚረጩትን ኖዝሎች በመሞከሪያ ማሽን ላይ አስፈትኖ የሚያንጠባጥበውን መለወጥ፣ ፓምፑ ናፍጣ የሚረጭበትን ሰዓት ማስተካከልና የቫልቮቹን ክፍተት ማስለካት ይበቃል። ይህ ሁሉ ተሠርቶ ጭሱ ካልጠፋ የእያንዳንዱን ሲሊንደር ኮምፕረሽን (የመጨመቅ ግፊት) ያስለኩ፤ የፒስተኑ ፋሻ (ቀለበት) ካለቀ የትኛውም ማሻሻያ ጥቅም የለውም፣ ሞተሩ መታደስ አለበት። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን እንደሚናገር፣ ነጭ ጭስ ደግሞ ያልተቃጠለ ናፍጣን ወይም ወደ ሲሊንደር የገባ ውሃን እንደሚያመለክት ያስታውሱ።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው፣ ሞተሩ ያወጣውን ጉልበት የሚበላ ነገር ከበታች መኖሩን ነው። አንድ ጊዜ ደሴ ደርሼ ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈር እንደቆምኩ፣ ከተጎታቹ በስተግራ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ ሸተተኝ። ከላስቲክ ጠርሙስ ውሃ የፍሬኑ ታምቡር ላይ ጠብ ባደርግበት ተንጨረጨረና በነነ፤ የቀኙ ግን እጅ የሚያስነካ ለብታ ብቻ ነበረው። ዳገቱን ሁሉ አንድ ፍሬን እንደያዘ ነበር የወጣሁት። ስለዚህ ፒክአፑንም ተጎታቹንም በየተራ በክሪክ እያነሡ እያንዳንዱን ጎማ በእጅ ያዙሩት፤ ማርሹ ነጻ ሆኖ ሳለ በነጻ የማይዞር ካለ መጀመሪያ እሱ ይሠራ። የጎማውንም ነፋስ ጎሚስታ ዘንድ በመለኪያ እንጂ በእግር በመምታት አይገምቱ፤ የላላ ጎማ ጉልበትም ይበላል፣ ጭነት ይዞ ሲሄድም ይሞቃል።

የጎማ ነገር ከተነሣ፣ እርስዎ ከጥያቄዎ ጋር ባያያዙት ፎቶግራፍ ላይ የመኪናው ጎማ ትልቅ መሆኑን አስተውያለሁ። 205 አር 16 የነበረ መኪና 265/75 አር 16 ሲጫንበት የጎማው ቁመት 8 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ይህም እያንዳንዱን ማርሽ በ8 በመቶ እንደማፍጠን፣ ጎማውን የሚያዞረውን ጉልበት ደግሞ በዚያው መጠን እንደመቀነስ ነው። ወደ ፋብሪካው ልክ መመለስ ብቻውን ሞተሩ ሳይነካ ዳገት ላይ የሚሰማ ለውጥ ያመጣል። እኔ በስድስቱ ዓመት ካደረግኋቸው ሁሉ በወጪው ልክ ከፍተኛውን ጥቅም የሰጠኝ ይህ ነው ብዬ በሙሉ ልብ እመሰክራለሁ።

ሙቀቱን በተመለከተ፣ ደሴ ከፍታ ላይ በክፍት ድስት ያለ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ እንደሚፈላ ማወቅ ይጠቅማል። የሞተሩ ውሃ ከዚያ በላይ ሞቆ የማይፈላው የራዲያተሩ ክዳን ግፊቱን ይዞ ስለሚያቆየው ነው። ስፕሪንጉ የደከመ ወይም ላስቲኩ የተበላ ክዳን ቆላ ላይ ችግሩን ሳያሳይ ቆይቶ ሐረጎ ላይ ያጋልጠዋል፤ ዋጋው ትንሽ ስለሆነ ሳይመረምሩ ይለውጡት። ራዲያተሩ ተከፍቶ ውስጡ ይጽዳ፣ ከፊቱ በክንፎቹ መካከል የተጠቀጠቀው አፈርና ትንኝም በቀስታ በውሃ ይታጠብ። የራዲያተሩን ማራገቢያ፣ ቬንትሌተሩን፣ ደግሞ ሞተሩ ሞቆ ከጠፋ በኋላ በእጅ ያዙሩት፤ ምንም ሳይከብድ ብዙ ጊዜ የሚሽከረከር ከሆነ መሐሉ ላይ ባለው መያዣ ውስጥ ያለው ዘይት አልቋል፣ በዝግታ ጉዞ ራዲያተሩን የሚያቀዘቅዝለት የለም ማለት ነው። ዳገቱን ሲወጡም ሞተሩ ከ2,200 ዙር በታች ወርዶ እስኪያቃስት ሳይጠብቁ አስቀድመው ማርሹን ይቀንሱ፤ በከፍተኛ ማርሽ ነዳጁን ረግጦ ማስጨነቅ ጭስንም ሙቀትንም የሚያበዛ ነው።

አሁን ወደ ቱርቦው ልመለስ። ለከፍታ ትክክለኛው መድኃኒት ቱርቦ መሆኑን አልክድም፤ የጎደለውን አየር የሚመልሰው እሱ ነውና። ስሪ ኤል ግን አየሩን ሲሊንደር ውስጥ የሚጨምቅበት ልክ ከ22 ለ1 በላይ ሆኖ የተሠራው ያለ ቱርቦ እንዲሠራ ታስቦ ነው። ቱርቦ ከተጨመረበት ግፊቱ ዝቅተኛ መሆን፣ ወደ ቱርቦው የሚሄድና የሚመለስ የዘይት መስመር በትክክል መገጠም፣ የጭሱን ሙቀት የሚያሳይ መለኪያም ሹፌሩ ፊት መቀመጥ አለበት። እነዚህን አሟልቶ የሚሠራልዎትንና በኋላም ኃላፊነቱን የሚወስድ ባለሙያ ካላገኙ ገንዘብዎን አያውጡ። ለማድረግ ተቃርቤ የተውኩት ይህንኑ ነው፤ የተውኩትም ሠሪው ስለ ዘይቱ መስመር ስጠይቀው ግልጽ መልስ ስላልሰጠኝ ነበር።

ተጎታቹ የዘወትር ሥራዎ ሆኖ ከቀጠለ፣ ፋብሪካው ራሱ ቱርቦ ገጥሞ የሠራው ዋን ኬዲ (1KD) የሚባል የቶዮታ ሞተር ያለው ፒክአፕ መግዛት፣ አሁን ባለው መኪና ላይ ሞተር ከመቀየር ይሻላል ባይ ነኝ። ሞተር ሲቀየር ካምቢዮው፣ መያዣዎቹ፣ ራዲያተሩና የኤሌክትሪክ መስመሩ አብረው ይነካሉ፤ የሞተር ቁጥሩም ሊብሬ ላይ የተጻፈ ስለሆነ የሚገዙት ሞተር ሕጋዊ ሰነድ ከሌለው ነገ ዓመታዊ ምርመራ ላይ ወይም ሲሸጡ ችግር ይገጥምዎታል። ባለ ቱርቦ መኪና ያላችሁ ሌሎች አንባቢዎችም ጉልበት ከቀነሰባችሁ፣ የኮምፒውተሩን ፕሮግራም ከማስቀየራችሁ በፊት ከቱርቦው አየሩን ወደሚያቀዘቅዘው ኢንተርኩለር የሚሄዱትን ቱቦዎች ተመልከቱ፤ መጋጠሚያቸው ላይ ዘይት የወዛበት ቦታ አየር የሚያመልጥበት ነው።

ተጎታቹን ደግሞ ሚዛን ላይ ያውጡት። የእኔ ጄኔሬተር ከነተጎታቹ 900 ኪሎ ነው ተብሎ ተነግሮኝ አምኜ ስጎትተው ኖሬ፣ ኮምቦልቻ ውስጥ የእህል መኪና በሚመዘንበት ሚዛን ላይ ሳወጣው 1,340 ኪሎ ሆኖ አገኘሁት። ቤት ያለው ተጎታች ከዚህም ይበልጣል፤ በቤት ብረትና በወፍራም ላሜራ ከተሠራ፣ በርሜል ውሃም ተሞልቶ ከሄደ፣ ክብደቱ ሳይታሰብ ያድጋል። ሁለት መቶ ሊትር ውሃ ሁለት መቶ ኪሎ ነው፤ ወደ ደሴ ሲመለሱ በርሜሉን ባቲ ላይ ቢያፈስሱት ዳገቱን ያለ ምንም ወጪ አቀለሉት ማለት ነው። የሚቀረውን ከባድ ዕቃ ከተጎታቹ አክስ ትንሽ ወደ ፊት ያድርጉት፤ ከተጎታቹ ክብደት አንድ አሥረኛው ያህል መንጠቆው ላይ ቢያርፍ ተጎታቹ ቀጥ ብሎ ይከተላል፤ ከኋላ ከከበደ ግን ቁልቁለት ላይ ጅራቱን ያወዛውዛል።

ቁልቁለቱን ካነሣሁ አይቀር፣ ጥያቄዎ ውስጥ ስለ ተጎታቹ ፍሬን አንድም ቃል አለመኖሩ አስጨንቆኛል። ብዙ አምራቾች የራሱ ፍሬን የሌለው ተጎታች ከ750 ኪሎ እንዳይበልጥ በመመሪያቸው ያዛሉ፤ የእርስዎ ከዚያ በእጥፍ የሚጠጋ ነው። ፍሬን ከሌለው፣ ለጉልበት ያሰቡትን ገንዘብ መጀመሪያ እዚያ ላይ ያውሉት፤ ተጎታቹ መኪናውን ሲገፋ ፍሬኑን ራሱ የሚያስይዝ መንጠቆና ታምቡር ያለው አክስ ያስገጥሙበት፣ ሰንሰለቱም በመንጠቆው ሥር ተጠላልፎ ይታሰር። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርዱ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ሁለተኛ ማርሽ ያስገቡ፤ ፍሬኑን ጠንከር አድርገው ለአጭር ጊዜ ይያዙና ይልቀቁት፣ እየነኩ አይውረዱ። መጀመሪያ የወረዱ ቀን መሐል ላይ ከመንገድ ወጣ ብለው ይቁሙ፣ አራቱንም የመኪናውንና ሁለቱን የተጎታቹን ጎማዎች ቸርኬ ሳይነኩ እጅዎን አስጠግተው ሙቀታቸውን ያነጻጽሩ፤ አንዱ ከጓደኛው ተለይቶ የሚፋጅ ከሆነ እስኪበርድ ጠብቀው ኮምቦልቻ እንደደረሱ ያስከፍቱት።