የግራ መብራቷ አልነሳ ያለችው መኪናዬ

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ።

አምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። በመኪና ጉዳይ እጽፍልዎታለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ባለቤቴ "ብረት ነው፣ ተዪው" ይለኛል። እኔ ግን ይኸው ሦስት ሳምንት እንቅልፍ የለኝም።

መኪናዬ እ.ኤ.አ. በ1991 የተሠራች ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ናት። ቀይ፣ ባለ ሁለት ወንበር፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ። የፊት መብራቶቿ ሲበሩ ከተኙበት ብድግ የሚሉት ዓይነት። ከገዛኋት ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ስገዛት ጣሪያዋ ተቀዶ ወንበሮቿ ውሃ ጠጥተው ነበር። ትንሽ ትንሽ እያልኩ፣ ደሞዜ በፈቀደ ቁጥር አንድ ነገር እያስቀየርኩ ነው ሰው ያደረግኳት። ቅዳሜ ጠዋት ጣሪያዋን አጥፌ ስወጣ የሳምንቱ ድካም ከላዬ ላይ ይወርዳል።

የዛሬ ሦስት ሳምንት ከመጋቢ መንገድ ወደ ዋናው ስወጣ ከግራ የሚመጣ ፒክአፕ አላየሁም። ጥፋቱ የኔ ነው። እሱ ፍሬን ቢይዝም አልደረሰለትም። እግዚአብሔር ይመስገን ሰው አልተጎዳም። እኔም ደረቴ ላይ የቀበቶው ሰንበር ነው የቀረብኝ። የሷ ግራ ፊት ግን ገባ። ፓራፋንጎው ተጨማደደ፣ ራዲያተሩ ተቀደደ፣ ጎማው ወደ ኋላ ሄደ። የሾፌሩ በርም ወደ ላይ ደገፍ ካላደረጉት አይዘጋም። አረንጓዴው የራዲያተር ውሃ አስፋልቱ ላይ ሲፈስ ቆሜ አየሁት።

በነጋታው ጋራዥ ሄጄ መብራቷን አበራሁ። የቀኙ ብድግ አለ። የግራው ሞተሩ ተሰማ እንጂ አልተነሳም። እዚያው አለቀስኩ።

ኢንሹራንሱ የጥገናው ግምት መኪናዋ ከተገመተችበት ዋጋ 80 በመቶ ስለደረሰ "ጠቅላላ ጉዳት" ብሎታል። ሁለት ምርጫ አለኝ። ሙሉውን ገንዘብ ወስጄ እሷን ማስረከብ፣ ወይም የስብርባሪዋ ዋጋ ተቀንሶ ቀሪውን ተቀብዬ እሷን ማስቀረት። አንዱ ጋራዥ "አሥር ቀን ስጪኝ፣ አዲስ አደርግልሻለሁ" አለኝ። ሌላው "ለዕቃ ሽጫት፣ ገንዘብሽን አታቃጥይ" አለኝ። ባለቤቴ ተጠግና ብትመጣም እንደማይሳፈርባት ነግሮኛል።

እኔም እውነቱን ልናገር፣ ከዚያ ቀን ወዲህ መሪ ስይዝ እጄ ይንቀጠቀጣል። ግን ጥፋቱ የኔ ስለሆነ እንደነበረች ልመልሳት ይገባኛል እላለሁ። ምን ይመክሩኛል?

ውሳኔ ያቃታት

መልስ

እህቴ፣ እንኳን እግዜር አተረፈሽ።

ደብዳቤሽን አንብቤ ስጨርስ ተመልሼ በሩ ላይ ቆምኩ። ደገፍ ካልተደረገ አይዘጋም ያልሽው ላይ። ፓራፋንጎ፣ ራዲያተርና መብራት በቦሎን የተያዙ ናቸው። ይፈታሉ፣ ይቀየራሉ። የበሩ ነገር ግን ከነዚህ ሁሉ ይበልጥ አስጨንቆኛል።

ምክንያቱን ልንገርሽ። ክዳኑ የተነሳ የጫማ ካርቶን በሁለት እጅሽ ያዢና ጠምዝዢው። ወዲያው ይላላል። ክዳኑን ገጥመሽ ሞክሪው፣ እምቢ ይልሻል። ጣሪያ ያላት መኪና ክዳኗ የተገጠመ ካርቶን ናት። ግጭት ሲመጣ ጣሪያውም ወለሉም ጉልበቱን ይካፈሉታል። ያንቺ ክዳን የላትም። ጥንካሬዋ በአብዛኛው ያለው ወለሏ ላይና ከበሮቹ ሥር በግራና በቀኝ በሚሄዱት ሁለት የብረት ሳጥኖች ላይ ነው። ግጭቱ እስከዚያ ድረስ ከዘለቀ ነገሩ ይከብዳል። ካልዘለቀ ግን 80 በመቶ የሚለው ቁጥር እንደሚያስፈራው አይደለም።

ስለዚህ ዛሬ ምንም አትወስኚ። በመጀመሪያ የግራው ፓራፋንጎ ይፈታ። ፓራፋንጎው ወደ ኋላ ተገፍቶ የበሩን ጫፍ ነክሶት ከሆነ፣ ሲነሳ በሩ እንደ ድሮው ይዘጋል። ያኔ እፎይ በዪ። ተነስቶም በሩ ካልዘጋ፣ በበሩና በኋለኛው አካል መካከል ያለውን ክፍተት ከላይ እስከ ታች በጣትሽ ዳስሺው። ከዚያ ወደ ቀኙ በር ሂጂና እንደገና ዳስሺ። ጣትሽ ልዩነት ካገኘ፣ የበሩ ማጠፊያ የተያዘበት ምሰሶ ሳይነቃነቅ አልቀረም። በርግጥ ሠላሳ ዓመት ያለፋት መኪና ማጠፊያዋ በእርጅናም ሊላላ ይችላል። ከግጭቱ በፊት በሩ እንዴት ይዘጋ እንደነበር ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። ለባለሙያው ንገሪው።

ቀጥሎ ልኬት ነው። አካል የሚለካበትና የሚጎተትበት መሣሪያ ያለው ጋራዥ ፈልጊ። ከመኪናዋ ሥር ፋብሪካው ያስቀመጣቸው ነጥቦች አሉ። በነዚያ መካከል በሰያፍ እየለኩ ውጤቱን ከፋብሪካው ልኬት ጋር ያስተያያሉ። የፊት ሻንሲው፣ የግራ ጎማው የተንጠለጠለባቸው ክንዶችና እነሱ የታሰሩበት ብረት አብረው ይታዩ። ውጤቱን በወረቀት ተቀበዪ። ለዚህ ምርመራ የምትከፍዪው ገንዘብ ብትሸጫትም አያስቆጭም። "አሥር ቀን ስጪኝ" ያለሽ ሰው ሳይፈታ ነው ቀን የቆጠረው። "ለዕቃ ሽጫት" ያለሽም አልለካም።

ይህን አጥብቄ የምለው ስለደረሰብኝ ነው። በወጣትነቴ የተጋጨች መኪናዬን እንዲሁ በጥድፊያ አሠርቼ ነበር። ስትወጣ ቀለሟ ፊት ያሳያል። ደስ ብሎኝ ነዳኋት። ሦስት ወር ሳይሞላ የፊት ጎማው ከውስጥ በኩል ተበልቶ ሽቦው ወጣ። ከውጪ ስታዪው ግን ጥርሱ አዲስ ነው። ሻንሲው ሳይቃና በላዩ ስቱኮ (የተጎዳ ብረት የሚሞላበት ልጥፍ) ተለቅልቆ፣ ቀለም ተቀብቶ ነበር። ያን ጎማ በእጄ ይዤ የተሰማኝን እስከዛሬ አልረሳውም። ቤተሰቤን ጭኜባት ነበራ!

ስለ ስቱኮ ካነሳሁ፣ አንድ ሰው "ማግኔት አስጠጊበት" ሊልሽ ይችላል። እውነት ነው፣ ወፍራም ስቱኮ ላይ ማግኔት አይያዝም። ኮፈኗ ላይ ግን አትሞክሪው። የዚች ሞዴል ኮፈን አልሙኒየም ስለሆነ ከፋብሪካ ሲወጣም ማግኔት አይዝም። ዝገትንም አደራ። ከበሮቹ ሥር ያሉት ሳጥኖች፣ በተለይ ከኋላ ጎማው ፊት ያለው ቦታ፣ በነዚህ መኪኖች ላይ የታወቀ የዝገት ቤት ነው። ዝገት ላይ የተበየደ ብየዳ አይታመንም።

እንግዲህ የኔ ሐሳብ ይኸው። በሩ እንደ ድሮው ከዘጋና ልኬቱ ደህና ከሆነ፣ ወይም የታጠፈው የሻንሲው ጫፍ ብቻ ሆኖ ተጎትቶ ከተቃና፣ አስጠግኛት። ስትሸጪ ያወጣሽውን አታገኚም። ታዲያ ልትሸጫት ነው እንዴ? ዘጠኝ ዓመት ቅዳሜሽን የሰጠሽውን ነገር በገበያ ዋጋ ብቻ አልመዝንብሽም። ዕቃም አታጪም። ኤምኤክስ-5 እ.ኤ.አ. በ2016 አንድ ሚሊዮንኛዋ የተሠራች መኪና ናት። የዕቃ ገበያዋ ሰፊ ነው። ማዝዳ ራሱ በ2017 ጃፓን ውስጥ የመጀመሪያውን ትውልድ የሚያድስ አገልግሎት እንደሚጀምር አስታውቆ፣ የጨርቅ ጣሪያውን ጨምሮ አንዳንድ ዕቃዎችን እንደገና ሠርቷል። የግራ መብራትሽ ይገኛል።

ምሰሶው ከተነቃነቀ ወይም ከበሩ ሥር ያለው ሳጥን ከታጠፈ ግን አታስጠግኛት። እዚህ ላይ ልለማመጥሽ አልፈልግም። ክዳን የሌላት መኪና ወገቧ ከታጠፈ ቀጣዩን ግጭት እንዴት እንደምትቀበል ማንም ዋስ አይሆንልሽም። ያኔም ሌላ መንገድ አለ። ሞተሩ የተበላሸ፣ አካሉ ግን ቀጥ ያለ ተመሳሳይ መኪና ፈልገሽ፣ ሞተርሽን፣ ማርሽሽን፣ ያስለበስሻቸውን ወንበሮች ወደዚያ ማዛወር። የሻንሲ ቁጥሯ የአዲሷ ይሆናል፣ ወረቀቷም በዚያው ይሄዳል። የድሮውን ቁጥር ቆርጦ መለጠፍ የሚያስቀጣ ወንጀል ስለሆነ፣ "ላስተካክልልሽ" የሚልሽ ካለ ሽሺው።

ለኢንሹራንሱ ቶሎ አትፈርሚ። ዋጋ ሲገምቱ እንደ ማንኛዋም አሮጌ መኪና ቆጥረዋት ይሆናል። የዘጠኝ ዓመት ደረሰኞችሽን፣ ከግጭቱ በፊት የተነሳችውን ፎቶና በሷ ዓይነት ይዞታ ላይ ያሉ መኪኖች የሚሸጡበትን ዋጋ አቅርቢላቸው። የተገመተችበት ዋጋ ከፍ ካለ 80 በመቶውም ዝቅ ይላል። ካስቀረሻት ደግሞ ወረቀቷ ላይ ምን እንደሚጻፍና ከተጠገነች በኋላ ሙሉ ዋስትና ይሰጧት እንደሆነ አስቀድመሽ ጠይቂ።

ቀበቶውንም አስቀይሪው። ደረትሽ ላይ ሰንበር የጣለ ቀበቶ ሥራውን ጨርሷል።

ባለቤትሽን ችላ አትበዪው። "አልሳፈርባትም" ያለው በፍርሃት ነው፣ ፍርሃቱም አንቺን እንዳያጣ ነው። ልኬቱ የሚወሰድ ቀን ይዘሽው ሂጂ። ከሥር ገብቶ በዓይኑ ይይ፣ የሚጠይቀውንም ራሱ ይጠይቅ።

አንድ ነገር ግን ከልቤ ልለምንሽ። "ጥፋቱ የኔ ነው" የምትዪውን ከዚህ ውሳኔ አውጪው። አጥፍተሻል፣ አምነሻል፣ ሰው አልተጎዳም። መኪናዋን እንደ ካሳ ካስጠገንሻት፣ ጋራዡ ጨምሪ ባለሽ ቁጥር እሺ ትያለሽ። ሲፈታ ደግሞ ተጨማሪ ጉዳት መገኘቱ አይቀርም። ስለዚህ ሥራው ሳይጀመር ከዚህ በላይ አልሄድም የምትዪውን ገንዘብ ቁረጪ፣ ለባለቤትሽም ንገሪው።

እጅሽ መንቀጥቀጡ አያሳፍርም። ከግጭት በኋላ ብዙ ሰው ይደርስበታል። እሷ እስክትጠገን አትጠብቂ። በሌላ መኪና፣ የምታምኚው ሰው አጠገብሽ ተቀምጦ፣ ጭር ባለ ሰዓት አጭር መንገድ ንጂ። ከዚያም ያቺን መገንጠያ ደጋግመሽ እለፊባት። ወራት አልፈውም ካልተወሽ ባለሙያ አነጋግሪ።

ለአሁኑ ባትሪዋን አስነቅዪ፣ ጣሪያ ሥር አስገቢያት። ፓራፋንጎው ተፈቶ በሩን ስትዘጊው ምን እንደሆነ ጻፊልኝ። እጠብቃለሁ።