ከመክፈልሽ በፊት፦ ስለ ጥፍርና ውበት ሥልጠና ለጠየቀችው እህታችን

እህቴ፣ ጥያቄሽን በጥሞና አነበብኩት። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሰሽ እዚሁ ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ከቤተሰብሽ ጋር እንደምትኖሪ፣ የጥፍርና የውበት ሥራ ለመማር እንደወሰንሽ፣ በሦስት ወር አሠልጥኖ የምስክር ወረቀት የሚሰጥ የግል ማሠልጠኛ እንዳገኘሽና ሙሉ ክፍያውን በዚህ ሳምንት እንድታስገቢ እንደጠየቁሽ ጽፈሻል። ከእኔ በፊት የመለሱልሽ አባላት ሥራው ያዋጣል ወይስ አያዋጣም በሚለው ላይ ተከራክረዋል። እኔ ከዚራ ውስጥ የራሴን ትንሽ ቤት ከፍቼ የምተዳደረው በዚሁ ሙያ ስለሆነ ወደዚያ ክርክር አልገባም። የምጽፍልሽ ገንዘቡ ከእጅሽ ከመውጣቱ በፊት ልታረጋግጪው ስለሚገባሽ ነገር ነው።

አንደኛ፣ የማሠልጠኛውን የእውቅና ፈቃድ በዓይንሽ እዪ። ወረቀቱ መኖሩን ብቻ ሳይሆን በላዩ የተጻፈውን የሙያ ስም፣ የሥልጠናውን ደረጃና የሚያበቃበትን ቀን አንብቢ። «ፈቃድ አለን» የሚለው መልስ ብቻውን ምንም አይነግርሽም።

ሁለተኛ፣ ሥልጠናው ሲያልቅ ለብቃት ምዘና፣ ማለትም ሁላችንም ሲኦሲ ለምንለው ፈተና፣ ራሳቸው ያስመዘግቡሽ እንደሆነ ጠይቂና መልሳቸውን በጽሑፍ ተቀበዪ። ማሠልጠኛው የሚሰጥሽ የምስክር ወረቀት ሥልጠናውን መከታተልሽን ብቻ የሚናገር ነው። ሲኦሲ ግን ያላስተማረሽ ሰው በጽሑፍና በተግባር መዝኖ ብቁ ነሽ ያለበት ማስረጃ ነው። እኔ ንግድ ፈቃድ ላወጣ ስሄድ የጠየቁኝ ሁለተኛውን እንጂ የመጀመሪያውን አልነበረም።

ሦስተኛውን ነጥብ፣ ማለትም ፈቃዱ ለየትኛው ሙያ እንደተሰጠ ማጣራትን፣ በአጭሩ ልጽፈው አልችልም፤ እኔን ያቃጠለኝ እርሱ ነውና።

እኔ የሠለጠንኩበት ቦታ በሩ ላይ ትልቅ ሰሌዳ ነበረው። ስለ ፈቃዳቸው ስጠይቃቸውም በመስታወት ተለብጦ የተሰቀለውን ወረቀት አሳይተውኛል። ወረቀቱ እውነተኛ ነበር፤ ነገር ግን የተሰጠው ለፀጉር ሥራ ነው። ለጥፍርም ሆነ ለሌላው የውበት ሥራ እውቅና አልነበራቸውም፤ ይህንንም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እያወቁ ለማናችንም አልነገሩንም። እናቴ መጋላ ውስጥ ቅመም ሸጣ ያጠራቀመችውን ገንዘብ ተቀብለው፣ አስተምረው፣ ጋዋን አልብሰውና ፎቶ አስነስተው አስመረቁን።

ያንን የምስክር ወረቀት ይዤ ለምዘና ልመዘገብ ወደ ቢሮ ስሄድ፣ ከጠረጴዛው ጀርባ የተቀመጠው ሠራተኛ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ ወረቀቱን በሁለት ጣቱ ወደ እኔ ገፋ አድርጎ፣ «ይህን ወስደሽ ቤትሽ ግድግዳ ላይ ስቀዪው» አለኝ። ለምን እንደማይቀበለው ስጠይቀው «የተማርሽበትን ጠይቂ» ብሎ ቀጣዩን ባለጉዳይ ጠራ። ወደ ማሠልጠኛው ስመለስ ሥራ አስኪያጁ የጥፍር ሥራው ፈቃድ በሂደት ላይ እንደሆነና በቅርቡ እንደሚያልቅ ነገረኝ። በሌላ ጊዜ ስመለስም ያንኑ ነገረኝ። ገንዘቤን እንዲመልስ ስጠይቀው ደግሞ «ሥልጠናውን ወስደሻል፤ ምን ይመለስልሻል?» አለኝ። በቢሮውና በማሠልጠኛው መካከል በዚያ የድሬ ፀሐይ ስመላለስ የባጃጁ ሂሳብ እንኳ ይከብደኝ ነበር።

ያ ሠራተኛ ሊነግረኝ የሚገባው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር፦ «የተማርሽበት ቦታ ለዚህ ሙያ እውቅና የለውም፤ ነገር ግን በሥራ ልምድ መመዘን ትችያለሽ።» የምዘናው ሥርዓት የተዘረጋው ሰው ሙያውን የትም ይማረው የት፣ መሥራት መቻሉን ለማረጋገጥ ነው። በመደበኛ ሥልጠና የመጡትም፣ በሳሎን ውስጥ ከሌላ ሰው እጅ የለመዱትም ሊመዘኑ ይችላሉ። ይህንን የሚያውቅ ሰው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ አንዲት ወጣት እያለቀሰች ስትወጣ ዝም ብሎ ማየቱ ዛሬም ያስቆጣኛል።

ዓረፍተ ነገሩን በመጨረሻ የነገረችኝ የሳሎን ደንበኛ ነበረች። በዚያን ጊዜ አንድ ሳሎን ውስጥ በረዳትነት ተቀጥሬ ፎጣ አጥብ፣ እግር አዘፈዝፍ፣ ወለል እጠርግ ነበር፤ ቀስ በቀስም የሳሎኑ ባለቤት ቀለም መቀባትን፣ ከዚያም በላምፕ ብርሃን የሚደርቀውን ጄልና ከዱቄትና ከፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚሠራውን አክሪሊክ ከአጠገቧ አስቀምጣ አሠራችኝ። ደንበኛዋ የሙያ መምህርት ስለነበረች ጉዳዬን ሰምታ ከቀጣሪዬ ማኅተም ያረፈበት የሥራ ልምድ ደብዳቤ ይዤ እንድመዘገብ መከረችኝ። ደብዳቤውን ይዤ ወደዚያው ጠረጴዛ ተመለስኩ። ያው ሰው አነበበው፣ ፈረመበት፣ ይቅርታ ግን አልጠየቀኝም። በተግባር ምዘናው ዕለት መዛኟ የሠራሁትን እጅ አንስታ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙራ እያንዳንዱን ጣት ከጎንና ከፊት ተመለከተች፤ ከጥፍሩ ዙሪያ ቆዳ ላይ አንዲት ጠብታ ጄል እንኳ አላገኘችም። ብቁ ተባልኩ። በዚህ እኮራለሁ፤ ያንን እጅ የሠራሁት ማንም ሳይደግፈኝ ነው።

ስለዚህ አንቺ ያገኘሽው ቦታ እውቅናው ለጥፍርና ለውበት ሥራ ካልሆነ፣ የሚጠይቁሽን ገንዘብ ለእነርሱ ከመስጠት ይልቅ ጥሩ ባለሙያ ያለችበት ሳሎን በረዳትነት መግባት ይሻልሻል ብዬ አምናለሁ። ደመወዙ ትንሽ ነው፣ ቀኑም ረጅም ነው፤ ነገር ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ የቅጥር ደብዳቤ እንዲጻፍልሽ ጠይቂ። ኋላ ለምዘና የሚያስፈልግሽ እርሱ ነው።

እውቅናው ትክክል ሆኖ ከተገኘ ደግሞ የምትጠይቂው ሌላ ጥያቄ አለ፦ በሥልጠናው ጊዜ ስንት ሕያው እጅ እሠራለሁ? እኛ አብዛኛውን ጊዜ ያሳለፍነው በፕላስቲክ ጣት ላይ ነበር። ፕላስቲክ ጣት አያልበውም፣ አይደማም፣ የመሞረጃው ማሽን ሲሞቅ «አቃጠልሽኝ» አይልም። የእኛ ከተማ ሰው እጅ ግን በሙቀቱ ምክንያት ሁልጊዜ ላብ አለው፤ ጥፍሩን በደንብ ሳታደርቂና ቅባቱን ሳታነሺ ቤዝ ኮት የሚባለውን የመጀመሪያ ሽፋን ብትቀቢ ጄሉ በቀናት ውስጥ ከጫፉ ይነሳል። ውኃችንም ጨዋማና ከባድ ነው። ሳሙና በደንብ አያረፋም፣ የእግር መዘፍዘፊያው ላይ ነጭ ደለል ይጋገራል፣ በጥፍሩም ላይ የማይታይ ስስ ሽፋን ይተዋል። ከመቀባትሽ በፊት በአልኮል መጥረግን አትዝለዪ። በሙቀት አክሪሊክ ከተለመደው ፈጥኖ ስለሚደርቅ በብሩሽ የምታነሺያትን የአክሪሊክ ኳስ ትንሽ አድርጎ በፍጥነት ማስቀመጥን እጅሽ መልመድ አለበት። የጄል ጠርሙስም በመስኮት አጠገብ ከተቀመጠ የፀሐይ ብርሃን ውስጡ ያደርቀዋል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጄል ያለ ላምፕ አይደርቅምና ቻርጅ የሚይዝ ላምፕ ከመጀመሪያዎቹ ዕቃዎችሽ አንዱ ይሁን፤ አክሪሊክ ግን ያለ መብራት በአየር ይደርቃል።

አሁን ከሁሉም በላይ ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። ማሠልጠኛው የሚጠቀምበትን የአክሪሊክ ፈሳሽ ጠርሙስ አሳዩኝ በይ። እኛን ያስተማሩን ምንም ጽሑፍ ከሌለው ጄሪካን እየቀዱ ነበር፤ ሽታው ከውጭ በር ድረስ ይመጣ ነበር። ለጥፍር ሊሠራበት የሚገባው ኢቲል ሜታክሪሌት የሚባለው ነው። ርካሹ ሜቲል ሜታክሪሌት ግን ከመጠን በላይ ይጠነክራል፣ በአሴቶን በቀላሉ አይለቅም፣ ለማንሳት ጥፍሩን እስኪያሳሳ መሞረድን ይጠይቃል፤ ጥፍሩ አንድ ነገር ላይ ሲያዝም ሰው ሠራሹ አይሰበርም፣ የተፈጥሮውን ጥፍር ከሥሩ ይዞ ይነሳል። በአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1970ዎቹ የተጠቃሚዎች የጉዳት አቤቱታ ሲደርሰው በዚህ ፈሳሽ ላይ እርምጃ ወስዷል። የጄል ዕቃ ስትገዢም ዝርዝሩን አንብቢ፦ ቲፒኦ የሚባለውን ማድረቂያ የአውሮፓ ኅብረት በፈረንጆች አቆጣጠር ከመስከረም 2025 ጀምሮ በመዋቢያ ዕቃዎች ውስጥ ከልክሎታል። እዚሁ ከተማችን ታይዋን በሚባለው ገበያ የሚያምር ጠርሙስ ሞልቷል፤ የተሠራበትን ነገር ያልጻፈ ጠርሙስ ግን በነፃ ቢሰጡሽም አትውሰጂው።

ጄል በቆዳ ላይ እንዳይፈስ መጠንቀቅ ለውበት ብቻ አይደለም። በደንብ ሳይደርቅ ቆዳ የሚነካ ጄል አለርጂ ሊያስነሳ ይችላል። ይህ አለርጂ አንዴ ከያዘ ብዙውን ጊዜ የዕድሜ ልክ ነው፤ ተመሳሳይ ንጥረ ነገር ባለበት የጥርስ ሙሌት ላይም ሊያስቸግር ይችላል። ይበልጥ የምትጋለጪውም ደንበኛዋ ሳትሆን ቀኑን ሙሉ የምትሠሪው አንቺ ነሽ። ጓንትን ከሥልጠናው የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ ልመጂ።

ስለ ንጽሕና የሚያስተምሩሽንም ጠይቂ። በብዙ ቤት የምታዪዋ ሰማያዊ ብርሃን ያላት ሣጥን መሣሪያን አታመክንም። መቁረጫና መግፊያ ብረት መጀመሪያ በሳሙና ይታጠባል፣ ከዚያ በጀርም ገዳይ ኬሚካል ውስጥ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ደቂቃ ሙሉ ይቆያል፤ ቆዳን ለሚቆርጥ ብረት ደግሞ በ121 ዲግሪ በግፊት እንፋሎት የሚያመክነው አውቶክሌቭ ነው ትክክለኛው። የጉበት ቫይረስ በማይታይ የደም ጠብታ ይተላለፋል። የስኳር ሕመም ያለባት ደንበኛ ለፔዲኪዩር ስትመጣ እግሯ ላይ ምላጭ አታሳርፊ፤ ትንሽ ቁስል ለእርሷ ትልቅ ጉዳት ሊሆን ይችላል። ጥፍሩ የወፈረና የቢጫ ቀለም የያዘ ሰው ሲመጣም በቀለም ከመሸፈን ይልቅ ወደ ሐኪም መላክን ልመጂ።

እዚህ ከተማም ሆነ ሐረር ብትሠሪ ሂና ሳታውቂ ሙሉ ባለሙያ አትሆኚም፤ ማሠልጠኛዎች ግን ብዙ ጊዜ አያስተምሩትም። የሶማሌ፣ የሐረሪና የኦሮሞ ሙሽሮች ከጥፍሩ በፊት የሚጠይቁት ሂናውን ነው። ንጹሕ ሂና መጀመሪያ ብርቱካናማ ሆኖ በአንድና በሁለት ቀን ወደ ቡና ቀለም ይጠቁራል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ድቅድቅ ጥቁር የሚሆነው ብዙውን ጊዜ የፀጉር ቀለም የተቀላቀለበት ነው፤ በውስጡ ያለው ፒፒዲ የሚባለው ኬሚካል ቆዳን ያቃጥላል፣ ያጠቁራል፣ ኋላም ያች ሴት ፀጉሯን ስትቀባ ፊቷ እስኪያብጥ ሊያደርሳት ይችላል። የሠርግ ሰሞን ሙሽራዋ ብታስቸኩልሽም እምቢ በያት። ሌላው፣ ቀለም ከሶላት በፊት የሚታጠቡበት የውዱእ ውኃ ወደ ጥፍሩ እንዳይደርስ ስለሚከለክል ብዙ ሙስሊም ደንበኞችሽ በሚሰግዱባቸው ቀናት ቀለም አይፈልጉም። ለእነርሱ ማጽዳት፣ ቅርጽ ማስያዝ፣ ማወልወልና ሂና አዘጋጂላቸው። እኔ ቋሚ ደንበኞቼን ያገኘሁት ከቀለም ይልቅ ንጹሕ ማኒኪዩር ስለምሠራ ነው።

ክፍያውን በተመለከተ፣ ሙሉውን በአንድ ጊዜ አትስጪ። በወር ከፋፍለው እንዲቀበሉሽ ጠይቂ፣ ለእያንዳንዱም የማሠልጠኛው ስምና የሥልጠናው ዓይነት የተጻፈበት ደረሰኝ ውሰጂ። «የጥፍርና የውበት ሥራ» ብለው በደረሰኙ ላይ ለመጻፍ ካንገራገሩ መልሱን አግኝተሻል። የእውቅና ወረቀታቸውን ፎቶ እንድታነሺ ከፈቀዱልሽ ደግሞ በውስጥ መስመር ላኪልኝ፤ የሙያውን ስምና ደረጃውን አብረን እናነበዋለን።